የጭቃ ብርቱካን

ረውዳ ከሰቆጣ በታች ቆላ ወዳለው የዝቋላ ወረዳ በመምህርነት ስትመደብ አባቷ ዓብዱረሕማን «ሁለት ዓመት ምን አላት? ዐይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ታልቃለች» ብለው ሸኟት። የገጠር ግዴታዋን ትጨርሳለች፣ ሰቆጣ ትመለሳለች፣ ቤታቸው አጠገብ ካለ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ከሥራ ስትወጣም ሱቁን ታግዛለች፤ የቤተሰቡ ሐሳብ ይህ ነበር። እሷም ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበራትም።

ዓብዱረሕማን ሰቆጣ ገበያ ዳር ፍራፍሬ ይሸጣሉ። በወልዲያ በኩል የሚመጣላቸውን ሙዝ በየዘለላው ሰቅለው፣ ብርቱካኑን ቆልለው፣ ከቁልሉ ጀርባ ተቀምጠው ቁርኣናቸውን እየቀሩ ደንበኛ የሚጠብቁ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ረውዳ ዳዴ ያለችው በዚያ ቁልል ሥር ነው። የበሰለ ማንጎ ካልበሰለው በጠረኑ ትለያለች፤ ሊበላሽ የቃረበ ሎሚ ሲነኩት ምን እንደሚመስል እጇ ያውቀዋል።

የተመደበችበት ትምህርት ቤት ከወረዳው ከተማ ከፅፅቃ ርቆ፣ በማሽላ እርሻ መሐል ካለ ጉብታ ላይ የቆመ ነው። መኪና የሚደርሰው በበጋ ነው፤ ያውም ከተገኘ። የእሷ ሥራ አንደኛ ክፍል ለመግባት ዕድሜያቸው ያልደረሰውን፣ የኦ ክፍል የሚባሉትን ሕፃናት መያዝ ነበር። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣራና የድንጋይ ግድግዳ አለው፤ ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ የሚገቡ ፍየሎችም አያጡትም። ልጆቹ ቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛውን የሚሰሙት ከእሷ አፍ ነበር።

መጽሐፉ ላይ የፍራፍሬ ገጽ አለ። ሙዝ፣ ፖም፣ እንጆሪ፣ ብርቱካን። ረውዳ ገጹን ከፍ አድርጋ ይዛ «ሙዝ» ትላለች፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ «ሙዝ» ይላሉ። «ፖም» ስትል «ፖም» ይላሉ። ጥሩ እየሄደ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ግን ከፊት የምትቀመጠውን አንዲት ቀጭን ልጅ «ሙዝ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ መጽሐፉን ትኩር ብላ አየችና «ሥዕል ነው» አለች።

ረውዳ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ስታስበው አመሸች። የልጅቷ መልስ ስሕተት አልነበረም። ሙዝ ለእነዚህ ልጆች ሥዕል ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ለአጭር ዕረፍት ሰቆጣ ስትወጣ አባቷን የደረደሩትን ሁሉ ከየዓይነቱ አስመረጠቻቸው። በአይሱዙ ጭነት ላይ ሆና፣ ከፅፅቃ ወዲህ ደግሞ በአህያ አስጭና አደረሰችው። ሙዙ ጠቁሯል፣ ማንጎው ተጨፍልቋል፣ ብርቱካኑ ግን ደኅና ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ አሸተቱ። ከዚያ ነኩ። ከዚያ ብርቱካኑን ለሁለት ከፍላ በእርድ ውሃ ነከረችና በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አሳተመቻቸው። ወረቀቱ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ያለ ክብ ወጣ። ልጆቹ ዝም ብለው አዩት፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሳህኑ ተንጋጋ። ለብርቱካናማ እርድ፣ ለቀይ ቀይ ሥር፣ ለጥቁር ከሰል፣ ለቡኒ የግቢው አፈር ሆነ። ሲጨርሱ ማኅተሙን ራሱን፣ እርድ የነካውን ብርቱካን፣ ላጥ ላጥ አድርገው በሉት።

ፍሬው ካለቀ በኋላ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተው በእጃቸው ያስታወሱትን ቅርጽ ሠሩ፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው ቀለም ቀቡት። ረውዳ ቀጥላ ያገራቸውን ፍሬ አምጡ አለቻቸው። ቁርቁራ፣ ሾላ፣ እንኮይ በየኪሳቸው ይዘው መጡ። ቁርቁራው ከጭቃ ተሠርቶ ከሙዙ ጎን ተደረደረ። ያቺ «ሥዕል ነው» ያለችው ቀጭን ልጅ የሾላ ፍሬ ሠርታ ግንዱ ላይ እንዴት ተጣብቆ እንደሚበቅል ለማሳየት ከእንጨት ጋር ለጠፈችው። ያን ቀን ከአፏ የወጣው አማርኛ እስከዚያ ድረስ ካወራችው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አሳምነው በመስኮት አይተው ገቡ። ዕድሜያቸው አምሳን ያለፈ፣ ከሳ ያሉ፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ሰቆጣ የሚኖሩ፣ እሳቸው ግን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚያድሩ ሰው ናቸው። የጭቃውን ብርቱካን አንሥተው አገላበጡት።

«ይህን ሰው ማየት አለበት» አሉ።

ሰውም አየው። በመጀመሪያ ከወረዳ መጡ፣ ቀጥሎ ከዞን፣ ቀጥሎ በነጭ መኪና የሚሄዱ የድርጅት ሰዎች። ፎቶ አነሡ። ከበሩ በላይ «ሞዴል ክፍል» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተጻፈ። ረውዳ ያን ቀን ደስ ብሏት ለአባቷ ስልክ ደወለች። መውጫ በሯ የዚያን ቀን እንደተዘጋባት ያወቀችው ቆይታ ነው።

ሰላሕ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር አገባች። ስታረግዝ ለመውለድ ሰቆጣ ወጣች፤ በዚያው ጦርነት መጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ልጇ ጦይባ በዚያ መሐል ተወለደች። መንገዱ ሲከፈት የሰላሕ መኪና በጦርነቱ ጠፍቶ ነበር። ሥራ ፈትቶ ከከረመ በኋላ ወደ ዐረብ አገር ወጣ፤ አንዳንዴ ይደውላል። የአባቷም ሱቅ ተዘርፎ ስለነበር፣ እንደገና እስኪቆም ድረስ ቤቱ የሚተዳደረው በረውዳ ደሞዝ ሆነ። ሥራ ላይ የነበራችሁ ተመለሱ ሲባል ተመለሰች። ቆላው ወባ ነው፤ ውሃውም ለትልቅ ሰው እንኳ አይመችም። ሕፃኗን ለእናቷ ለዓሲያ ትታ ሄደች።

ያን ጊዜ ዝውውር ጠየቀች። አሳምነው ማመልከቻዋን ተቀብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ከሄድሽ ያ ክፍል ይዘጋል፤ ታውቂያለሽ» አሏት።

«ሌላ ሰው ይመደባል እንጂ መምህር። እኔ ላሳየው፤ ሁሉንም ላስረክበው።»

«ተተኪ ሲገኝ፣ እሺ።»

ተተኪ አልተገኘም። በዓመቱ ጠየቀች፤ ወረዳው ሞዴል ክፍል ያለ መምህር አይቀርም አላት። እንደገና ጠየቀች፤ ያንኑ አሏት። ጥላ ብትሄድ ያለ መልቀቂያ የሚቀጥራት መሥሪያ ቤት የለም፤ ሥራ አጥታ ብትቀመጥ ደግሞ አባቷ ቤት ያለው ድስት ምን ይገባበታል? ከዓሲያ ጋር በስልክ ስታወራ ጦይባ ከወዲያ ትጮኻለች። «እናትሽን አናግሪያት» ስትባል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች፤ አትናገርም።

የሦስተኛ ክፍሉ መምህር ካሤ ግን ሰቆጣ ተዛወረ። ሻንጣውን ሲያሥር ረውዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አንተን እንዴት ለቀቁህ?» አለችው።

ካሤ ሳቀ። «ማን ይፈልገኛል? ልጆቼ ሳያነቡ ነው አራተኛ ክፍል የሚገቡት። ማመልከቻዬን ሲያጸድቁልኝ እንኳ አላነበቡትም።» ሻንጣውን በጉልበቱ ተጭኖ ዘጋ። «አንቺን ያሰረሽ እጅሽ ነው። አበላሺው፤ በራሳቸው ጊዜ ይለቁሻል።»

ቀልዱን ነበር። ረውዳ ግን ነገሩን ቤቷ ይዛው ገባች፤ ከእሷም አልወጣ አለ።

በማግሥቱ የጭቃ ፍሬዎቹን ከመደርደሪያው አወረደችና በማዳበሪያ ጆንያ ከታ ዕቃ ቤት አስገባች። የቀለም ጣሳዎቹን አጠበች። የሲሚንቶ ወረቀቱን ጠቅልላ ከጆንያው ላይ አስቀመጠች። መጽሐፉን አንሥታ «ሙዝ» አለች።

ልጆቹ «ሙዝ» አሉ፤ ዐይናቸው ግን መደርደሪያው ላይ ነበር።

በደንብ የሚችሉትን ሥራ ማበላሸት ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም። እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ጠመኔው ሄዶ ሎሚ ሊሥል ይጀምርና ታስቆመዋለች። አንድ ልጅ በኽምጣንጋ ሲጠይቃት የገባትን ያህል እንዳልገባት ሆና ታልፈዋለች። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ከወንዝ ዳር እርጥብ ጭቃ በልብሳቸው ቋጥረው ይመጣሉ። «ደጅ አስቀምጡት» ትላቸዋለች። በበሩ ግራና ቀኝ የተቀመጠው ጭቃ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሌላ ያመጣሉ፤ እሱም ይሰነጠቃል። እያደር የሚያመጡት አነሱ። ያቺ በፊት «ሥዕል ነው» ያለችው ልጅ ታናሽ እህት ለተጊዮርጊስ መጨረሻ ድረስ ስታመጣ ቆይታ እሷም ተወች። ከፊት መቀመጧንም ትታ ግድግዳው ጥግ ሄደች።

የቤት አከራይዋ እትዬ ወለተሥላሴ ነገሩን ከልጆቹ ሰምተዋል። ረውዳ ውሃ ቀድታ ስትመለስ «አሞሻል እንዴ ልጄ?» አሏት።

«ምንም አልሆንኩም እትዬ። ደከመኝ እንጂ።»

«ልጆቹ ቲቸር ታመመች ይላሉ።»

ረውዳ ጄሪካኗን አስቀምጣ ገባች።

ከዞንና ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አሳምነው ግቢውን አስጠረጉ፣ በግቢው ዙሪያ ያለውን ድንጋይ ኖራ አስቀቡ። ወደ ኦ ክፍል አልገቡም ነበር፤ እዚያ የሚያሳስብ ነገር አለ ብለው እንዴት ይጠርጥሩ? እንግዶቹን አስከትለው በሩን ሲከፍቱ ባዶውን መደርደሪያ አዩ። ከዚያ ረውዳን አዩ።

ረውዳ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ይዛለች። «ብርቱካን» አለች።

«ብርቱካን» አሉ ልጆቹ።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ ጎንበስ ብላ አንዱን ልጅ በፈገግታ ጠየቀችው። «ብርቱካን ስትበላው ምን ምን ይላል?»

ልጁ ያውቀዋል። ረውዳ ባለፈው ካመጣችው ከእርድ ጋር የበላ ልጅ ነው። ነገር ግን ረውዳን አየ፣ መናገር ይፈቀድ እንደሆነ ከፊቷ ፈለገ፤ ከፊቷ ላይ ምንም አላገኘም። አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ቀና ብላ ከባልደረባዋ ጋር ተያየች። ፎቶ ለማንሣት የተዘጋጀው ሰው ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ምሳ እንኳ ሳይበሉ ሄዱ።

አሳምነው እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ ልጆቹ ወጥተው ነበር። ከሕፃናቱ አግዳሚ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ።

«ሆን ብለሽ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«እንድንለቅሽ።»

«አዎ መምህር። ልጄ አታውቀኝም። ምን ላድርግ? በጥሩ ብሠራ አልለቀቃችሁኝም።»

አሳምነው ቢቆጧት ይቀላት ነበር፤ አልተቆጡም።

«ዞን ላይ የሱፐርቫይዘር ቦታ ተከፍቷል» አሉ በዝግታ። «ሰቆጣ። ዛሬ የመጡት ሰዎች ስለኔ አንድ ቃል ቢናገሩ በቂ ነበር። ሚስቴ ከኔ ጋር የኖረችው ዘመን ቢደመር አንድ ክረምት አይሞላም። ሌላ የማሳየው ነገር የለኝም ረውዳ፤ አራተኛ ክፍልን ላሳያቸው? ያንን ማመልከቻሽን የያዝኩት ለዚህ ነው። ተተኪ ያልሁሽ…» ቃሉን ሳይጨርሱ እጃቸውን አወናጨፉ። «ተተኪ አልጠየቅሁም። አንድ ጊዜም።»

ረውዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልትጮኽባቸው ፈለገች። ነገር ግን ያ በሕፃን ወንበር ላይ የታጠፈ ሰውነት፣ ያ የነተበ ሸሚዝ፣ ለጩኸት አልመች አላት። ለካ በአንድ በር ነበር ሁለቱም ለመውጣት ሲታገሉ የኖሩት፤ እሳቸው እሷን ይዘው፣ እሷ እሳቸውን ረግጣ።

«ለወረዳው ምን ልትሏቸው ነው?» አለች።

«እኔ ምንም አልልም። እነሱ ግን ዐይን አላቸው።»

እውነትም ነበራቸው። ወረዳው ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ ጊዜው እስኪያልፍ ዝውውር አይጠይቅም። ከበሩ በላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ዘበኛው በኖራ ደፈነው። የካሤ ምክር የሠራው ለካሤ ብቻ ነበር፤ እሷን ግን በጥሩ ስትሠራ ስለምትጠቅም፣ ስታበላሽ ስላጠፋች፣ በሁለቱም በኩል አሠሯት።

የትምህርት አጋማሽ ዕረፍት ሲሆን ሰቆጣ ገባች። ጦይባ በአያቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና ታያታለች። ረውዳ ያመጣችላትን ቀይ ጫማ ተቀበለች፤ አመሰግናለሁ በይ ስትባል አለች፤ ከዚያ ለማሳየት ወደ ዓሲያ ሮጠች። ምሳ ላይ «እማ፣ እንግዳዋ መቼ ነው የምትሄደው?» ስትል የዓሲያ ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ።

ረውዳ ተነሥታ ጓሮ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና «ይዣት እሄዳለሁ» አለች።

«የት?» አለች ዓሲያ።

«ዝቋላ።»

«በወባ ልትገድያት? እዚህ ምን ጎደለባት? ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ቂርኣት ጀምራለች።»

«እናት ጎደላት እማ።»

«እኔስ ምኗ ነኝ?»

ዓሲያ አለቀሰች። ዓብዱረሕማን ከሱቅ መጥተው ነገሩን ሰሙ። «ልጅቱ የእሷ ናት፤ ትሂድ። አጎበር ግዙላት» አሉ። ሁለት ዓመት ምን አላት ብለው የሸኟት ሰው ያን ቀን የጊዜ ነገር አላነሡም። ከቁልሉ ላይ ደኅና ደኅናውን ብርቱካን መርጠው በካርቶን አሠሩላት።

ጦይባ በአይሱዙው ጋቢና ውስጥ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ከከተማው ሲወጡ «እማ ጋ መልሺኝ» አለች፤ ቁልቁለቱ ላይም አለች፤ ሙቀቱ ሲጀምር አስመለሳት። ረውዳ ጭኗ ላይ አድርጋ ስታባብላት የገዛ ልጇን የሰረቀች መሰላት። ሾፌሩ በመስታወት አይቷቸው «ያንቺ ናት?» አለ። «የኔ ናት» ብላ መለሰች፤ ድምፅዋ ግን ራሷንም አላሳመናትም።

እትዬ ወለተሥላሴ ለልጅቷ ወተት አፍልተው ጠበቁ። አጎበሩ ተሰቀለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጦይባ ተኮሰች። ረውዳ አዝላት ጤና ኬላ ወረደች፤ ወባ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጣት። ትኩሳቱ እስኪበርድ ድረስ ረውዳ የእናቷን ስልክ አላነሣችም። ምን ብላ ታንሣው? ልጅቷ ሲሻላት የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር አያቷን ነበር።

ሥራ ስትመለስ ጦይባን የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ይዛት ክፍል ገባች። ዕቃ ቤቱን አስከፈተች። ጆንያው ውስጥ ብዙው የጭቃ ፍሬ ተሰባብሮ ነበር፤ የሾላው እንጨት ለብቻው፣ ፍሬው ለብቻው ሆኗል። የተረፈውን መደርደሪያው ላይ አደረገች። ከዚያ ካርቶኑን ፈታ ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለች። ልጆቹ ወዲያው አልተነሡም። ተቀምጠው አዩዋት፤ መጽሐፉን እስክታነሣ እየጠበቁ ነበር። ረውዳ እርዱን በውሃ በጠበጠችና «ዛሬ ማኅተም ነው» አለች ብቻ።

መጀመሪያ የተነሣችው ጦይባ ናት። ብርቱካን ለእሷ ብርቅ አይደለም፤ ግማሹን አንሥታ ነከረችና ማንንም ሳትጠይቅ ወረቀቱ ላይ ገጨችው። ሌሎቹ እሷን አይተው ተነሡ። ለተጊዮርጊስ ከጥጓ እስክትመጣ ቀናት ፈጀ፤ ስትመጣም ከረውዳ ሳይሆን ከጦይባ አጠገብ ነው የተቀመጠችው።

አሁን ማንም አይጎበኛቸውም። አሳምነው የዞኑን ቦታ አላገኙም፤ ሌላ ሰው ተመደበበት። አንዳንዴ ከቢሮ ሲወጡ በክፍሉ መስኮት በኩል ያልፋሉ፣ ይቆማሉ፣ አይገቡም። የረውዳ ማስጠንቀቂያ ጊዜው ሲያልፍ አዲሱን ማመልከቻ በዚያው ቀን ፈርመው ወደ ወረዳ ልከውላታል፤ ከወረዳ ግን እስካሁን ወሬ የለም። በገበያ ቀን አይሱዙው ወደ ሰቆጣ ሲመለስ የሚያስነሣው አቧራ ከጉብታው ላይ ይታያል። ረውዳ ያን ሰዓት ወደ መስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ ለምዳለች።

ጦይባ ከልጆቹ ጋር ወንዝ ዳር ወርዳ ጭቃ ታመጣለች። ከአሮጌው ጆንያ የተረፉትን ትታ አዲስ ሠርታለች፤ የሷ ብርቱካን እንደ አያቷ ቁልል አንዱ በአንዱ ላይ ነው። ባለፈው ሰኞ ከለተጊዮርጊስ ጋር አንድ ጣሳ ቀለም መሐላቸው አድርገው ቁርቁራ ይቀቡ ነበር። ጦይባ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ በኽምጣንጋ አንድ ነገር አለቻት። ፈጣን ነበር፤ አንደበቷ አልተያዘም። ረውዳ ቃሉን አላወቀችውም።

«ምን አለችሽ?» ብላ ለተጊዮርጊስን ጠየቀቻት።

ሁለቱ ልጆች ተያዩና ሳቁ። «ምንም» አለች ለተጊዮርጊስ።

ረውዳ ልትደግም አስባ ተወችው። ያደፉትን ጣሳዎች ሰብስባ ልታጥባቸው ወደ ውጭ ወጣች።